በመተማና አካባቢዋ በሕግ ጥላ ሥር የሚገኙ ሴቶችና ኤች አይ ቪን የመከላከል ሥራ

መተማ ዮሐንስ በምዕራብ ጎንደር ዞን ከሱዳኗ የጋላባት ከተማ ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ስትሆን፣ ስሟንም ያገኘችው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር በተደረገው ጦርነት በዚያ በመሠዋታቸው ነው። ከጎንደር ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዘው የሚደርሱባት ይህች ከተማና በዙሪያዋ የሚገኘው ቆላማ ምድር ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በስፋት የሚመረትበት፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ብዛት ያለው የጉልበት ሠራተኛ ከደጋው የሚወርድበት፣ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ ነጋዴዎችና ወደ ሱዳን ለመሻገር የሚሹ ወጣቶች የሚያልፉበት አካባቢ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 የተዘጋጀው አገራዊ የኤች አይ ቪ/ኤድስ ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ልዩ ትኩረት ያሻቸዋል ብሎ ከለያቸው የኅብረተሰብ ክፍሎች መካከል በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች፣ የረጅም ርቀት አሽከርካሪዎች፣ ሠራተኞች በሚሰባሰቡባቸው የልማት አካባቢዎች የተሰማሩ ዜጎችና የሕግ ታራሚዎች ይገኙበታል። መተማ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሥፍራ ታገናኛለች። አንዲት ሴትም በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ልትሸጋገር ትችላለች። በሐምሌ በሰሊጥ ማሳ ላይ ስታርም የነበረች፣ በመስከረም በመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ሆና፣ በኅዳር ደግሞ በፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ቤት ልትገኝ ትችላለች። በዕቅድ ሰነዶች ላይ በየረድፉ ተለይተው የሚታዩት ሴቶች በተግባር አንዲት ሴት የሚሆኑበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

በማረሚያ ቤት ስላለው የኤች አይ ቪ ተጋላጭነት ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በግቢው ውስጥ የሚፈጠረው አደጋ ነው። ይህ አደጋ መኖሩ አይካድም። ይሁንና በሴቶች ረገድ፣ በተለይም የሰው እንቅስቃሴ በሚበዛበት የድንበር አካባቢ፣ ጉዳዩ የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በመግቢያና በመውጫው በር ላይ ነው፤ ይኸውም በተያዘችባቸው የመጀመሪያ ቀናት፣ ከማረፊያ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት በምትዛወርበት ጊዜና በምትፈታበት ዕለት ነው። በእነዚህ አጋጣሚዎች የሚፈለገው ገንዘብም ሆነ የተራቀቀ መሣሪያ ሳይሆን በፖሊስ፣ በፍርድ ቤት፣ በማረሚያ ቤትና በጤና ተቋም መካከል የሚደረግ ቅብብሎሽ ነው።

የሥርጭቱ መጠን

በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ዜጎች መካከል የቫይረሱን ሥርጭት 1.4 ከመቶ መሆኑን አመልክቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት አኃዙ ወደ 0.9 ከመቶ ዝቅ ብሏል። የጾታ ልዩነቱ ግን አልጠፋም፤ በሴቶች 1.2፣ በወንዶች 0.6 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። የከተማውና የገጠሩ ልዩነት ደግሞ ከዚህም የሰፋ ሲሆን በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 ከመቶ ነበር። በመንገድ ዳር የሚገኙና የንግድ እንቅስቃሴ የሚበዛባቸው ከተሞች ከሌሎች ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸው ከበሽታው የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ከተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ጽሕፈት ቤት ጋር በመተባበር በኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት በታራሚዎች መካከል ያለውን ሥርጭት 4.2 ከመቶ አድርጎ አስቀምጦታል። ይህም በወቅቱ ከነበረው አገራዊ አማካይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አኃዙ ሰዎች በማረሚያ ቤት ውስጥ ተያዙ ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ከፊሉ ወደ ግቢው የሚገቡት ሰዎች ቀድሞውኑ ይበልጥ ተጋላጭ ከሆኑ የኅብረተሰብ ክፍሎች የመምጣታቸው ውጤት ነው።

በአገሪቱ ከሚገኙ ታራሚዎች መካከል የሴቶች ድርሻ ከመቶ አምስት አይሞላም። በዓለም አቀፍ ደረጃም ሰባት ከመቶ ገደማ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ የዞን ማረሚያ ቤት በርካታ መቶ ወንዶችን ይዞ ጥቂት ደርዘን ሴቶች ብቻ ሊኖሩት ይችላል። ክሊኒኩም፣ የጤና ባለሙያውም፣ የመድኃኒት ግዥውም የሚታቀደው በብዙኃኑ ልክ ነው። ቁጥራቸው አነስተኛ መሆኑ ሴቶቹን ከሪፖርት ሰንጠረዥ ውስጥ ያጠፋቸዋል፤ ‹‹ድምር›› በሚለው አምድ ብቻ የሚቀርብ ሪፖርት ስንት ሴቶች እንደተመረመሩ፣ ስንቱ ነፍሰ ጡር እንደሆኑና ስንቱ መድኃኒት እንዳቋረጡ አይናገርም። የበርካታ አገሮች መረጃ እንደሚያሳየው ግን በእስር ላይ በሚገኙ ሴቶች ዘንድ የቫይረሱ ሥርጭት በእስር ላይ ከሚገኙ ወንዶች የበለጠ ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 ደግሞ ምርመራው ላልተጠናቀቀ ተጠርጣሪ የሚሰጠው የጊዜ ቀጠሮ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይወስናል። እነዚህ የሕግ ቀነ ገደቦች የተሠሩት ለፍትሕ እንጂ ለሕክምና አይደለም። ከሕክምናው የጊዜ ሰሌዳ ጋር ጎን ለጎን ሲታዩ ግን ለፖሊስ አዛዥም ሆነ ለጤና ኃላፊ ብዙ ይናገራሉ።

ለአብነት ወደ ሱዳን ለመሻገር ስትል በደላላ እጅ የወደቀችና በመንገድ ላይ የተደፈረች ሴትን ሁኔታ መመልከት ይቻላል። በቫይረሱ እንዳትያዝ የሚሰጠው የድኅረ ተጋላጭነት መድኃኒት ውጤት የሚኖረው ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመርና ለ28 ቀናት ሳይቋረጥ ሲወሰድ ነው። ጥቃቱ በደረሰ ማግስት በቁጥጥር ሥር ውላ፣ ጉዳይዋን ለመናገር ፍርድ ቤት እስክትቀርብ ድረስ 48 ሰዓታት ብትጠብቅ መድኃኒቱን ለመጀመር የተሰጠው ጊዜ ተሟጧል ማለት ነው። ስለሆነም ስለ ጥቃት የሚቀርበው ጥያቄ ከሁሉ በፊት መምጣት ያለበት በፖሊስ ጣቢያው ነው፤ ጠያቂዋም ሴት ፖሊስ ብትሆንና ጥያቄው ሌሎች በማይሰሙበት ቦታ ቢቀርብ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ድንበር ለመሻገር ስትሞክር የተገኘች ሴት የወንጀሉ ተጎጂ ልትሆን እንደምትችል በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ግምት ውስጥ ያስገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ መድኃኒት በመውሰድ ላይ እያለች የተያዘችውን ሴት ይመለከታል። በኢትዮጵያ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ደግሞ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የተገኘ ማንኛውም ሰው የመከላከል አቅሙ እስኪዳከም ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ሕክምና እንዲጀምር ተወስኗል። አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርን የያዘ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ አንድ እንክብል ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የምትወስድና የቫይረስ መጠኗ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሴት ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ ሰው አታስተላልፍም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ግን በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል። ሁለት ተከታታይ የ14 ቀን ቀጠሮዎች ለዚህ በቂ ናቸው።

መድኃኒቱ የሚቋረጠው እጥረት ስላለ ብቻ አይደለም። ሴትየዋ የተያዘችው ከገበያ ወይም ከመንገድ ላይ በመሆኑ እንክብሉ የቀረው ከተከራየችበት ክፍል ሊሆን ይችላል። የሚያመጣላት ዘመድ ከእርሷ ጋር የለም፤ ወደ መተማ የመጣችው ከሌላ ዞን፣ ከሌላ ክልል ወይም ከውጭ አገር ነውና። ለጠባቂው እንዳትናገር ደግሞ በአንድ ክፍል አብረዋት ያሉት ሴቶች መስማታቸውን ትፈራለች። መገለልና አድልዎ በውጭው ኅብረተሰብ ዘንድ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚታወስ ነው፤ መውጫ በሌለው አንድ ክፍል ውስጥ ክብደቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በመሆኑም ‹‹መድኃኒት የምትወስጂው በሽታ አለ ወይ?›› የሚለው ጥያቄ ለሁሉም ገቢዎች በእኩል መልክ፣ ከአስም፣ ከስኳርና ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ተደባልቆና ለየብቻ ሲቀርብ ማንንም ለይቶ አያጋልጥም።

ምርመራን በተመለከተ አገራዊው አሠራር በምክር አገልግሎት የታገዘ፣ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተና ምስጢራዊነቱ የተጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል። በእስር ላይ ያለች ሴት ‹‹ፈቃድሽ ነው›› ስትባል በእርግጥ እምቢ ማለት የምትችል መሆኗን ማመን ይኖርባታል፤ ካልሆነ ፈቃዱ ስም ብቻ ይሆናል። በሌላ በኩል በመግቢያው ዕለት የተደረገ አንድ ምርመራ ብቻውን በቂ አይደለም። ፈጣኑ ምርመራ የሚለየው ሰውነት የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ በቅርቡ የተያዘች ሴት ውጤት ነፃ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከሦስት ወር በኋላ መድገም ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። በአካባቢው ከአማርኛ ሌላ ትግርኛ፣ ዓረብኛና ጉሙዝኛ የሚናገሩ ሴቶች የሚያጋጥሙ በመሆኑ የምክር አገልግሎቱ በምትሰማው ቋንቋ ካልተሰጠ ምርመራው ደም ከመውሰድ አያልፍም። ይሁን እንጂ አስተርጓሚ ተብሎ ሌላ ታራሚ ማቅረብ ምስጢሩን አሳልፎ መስጠት ነው።

በግቢው ውስጥ

በሴቶች ክልል ውስጥ ሊኖሩ ከሚችሉት የመተላለፊያ መንገዶች መካከል ምላጭ፣ መርፌና የጥፍር መቁረጫ በጋራ መጠቀም፣ ጆሮ መበሳትና ንቅሳት፣ እንዲሁም ያለ ጓንት የሚደረግ የወሊድ እርዳታ ይጠቀሳሉ። እነዚህ በትምህርትና በአነስተኛ አቅርቦት የሚወገዱ ናቸው። ለእያንዳንዷ ሴት የራሷ ምላጭ፣ ሳሙናና የወር አበባ መጠበቂያ መስጠት እንደ ቅንጦት የሚቆጠርበት ጊዜ ማለፍ ይኖርበታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ያጸደቀውና የባንኮክ ደንቦች በመባል የሚታወቀው ባለ 70 አንቀጽ ሰነድ የወር አበባ መጠበቂያ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ በደንብ 5 ላይ በግልጽ አስቀምጧል።

ከዚህ የከፋው ሥልጣንን መከታ በማድረግ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ነው። በብዙ አገሮች እንደታየው ጥቃቱ ሁልጊዜ በኃይል የሚፈጸም አይደለም፤ ምግብ፣ ሳሙና፣ የስልክ ጥሪ ወይም የጠያቂ ፈቃድ መደለያ ሊሆን ይችላል። ጠያቂ ዘመድ የሌላት ሴት ለዚህ ይበልጥ ትጋለጣለች። ስለሆነም በመተማ ዓይነት ሥፍራ ጠያቂ የሌላቸውን ሴቶች ለይቶ መመዝገብና የምግብና የንጽሕና አቅርቦታቸውን መከታተል ኤች አይ ቪን የመከላከል ሥራ አካል ሆኖ ሊታይ ይገባዋል፤ ከጤና ክፍል ይልቅ የአስተዳደሩ ሥራ መስሎ መታየቱ ብቻ ከዕቅድ ሲያስወጣው ይስተዋላል። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) በአንቀጽ 620 ንዑስ አንቀጽ 2 በጥበቃ፣ በእስር ወይም በእርማት ተቋም ውስጥ በምትገኝ ሴት ላይ በኃላፊነት በሚቆጣጠራት ሰው የሚፈጸም የመድፈር ወንጀል ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ተብለው በ2008 ዓ.ም. የተሻሻሉት ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መመዘኛዎችም ሴት እስረኞች በሴት ጠባቂዎች ብቻ እንዲጠበቁና ወንድ ሠራተኛ ያለ ሴት ሠራተኛ ወደ ሴቶች ክልል እንዳይገባ በደንብ 81 ይጠይቃሉ። መመዘኛው በወረዳ ፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ቤት ሊሟላ የሚችለው በሌሊት ተረኛ የምትሆን ሴት ፖሊስ ስትኖር ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። በጎንደር ማረሚያ ቤት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የበሽታው ምልክት ከታየባቸው 250 ታራሚዎች መካከል 26ቱ በአክታ ምርመራ የሳንባ ነቀርሳ እንደተገኘባቸውና ይህም ከ100 ሺህ ታራሚዎች ወደ 1,480 የሚጠጋ መሆኑን አመልክቷል። ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖር ሰው የሳንባ ነቀርሳ ዋነኛው የሞት ምክንያት በመሆኑ ሁለቱን በሽታዎች ለየብቻ የሚከታተል መዝገብ ግማሽ ሥራ ነው። በመተማና በሁመራ ቆላዎች ደግሞ ካላዛር ይጨመራል። ይህ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ይበልጥ የሚያጠቃው በማሳ ላይ የሚያድሩ ወንዶችን ቢሆንም በአዝመራ የሠሩ ሴቶችንም ይመለከታል። ለሳምንታት የዘለቀ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና ክብደት መቀነስ የታየባትን ሴት ወባ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ካላዛር የተገኘበት ሰው ሁሉ ለኤች አይ ቪ እንዲመረመር ይመከራል፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲገኙ ካላዛሩ ከታከመ በኋላም ደጋግሞ ያገረሻል።

ስለ አየሩ ጠባይ አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። ፈጣን የምርመራ ኪቶች በአብዛኛው ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ እንዲቀመጡ ይታዘዛል፤ እንክብሎቹም ከ30 ዲግሪ በላይ እንዳይቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። የመተማ ቆላ በሚያዝያ ወር ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ የእስር ቤት ክሊኒክ መደርደሪያ ላይ የከረመ ኪት የሚሰጠው ውጤት አስተማማኝ አይሆንም። የሙቀት መለኪያ ሰቅሎ በየዕለቱ መመዝገብ፣ ክምችቱንም በአቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አስቀምጦ በየሳምንቱ ማምጣት ከደጋው ማረሚያ ቤቶች ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል።

ሕጉና የሥራ ድርሻው

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉና የተፈረደባቸው ሰዎች ሰብዓዊ ክብራቸውን በሚጠብቅ ሁኔታ የመያዝ መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ ከትዳር ጓደኛቸው፣ ከዘመዶቻቸው፣ ከሃይማኖት አማካሪዎቻቸው፣ ከሐኪሞቻቸውና ከሕግ አማካሪዎቻቸው ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲያገኙም ያዛል። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 365/1995፣ የታራሚዎችን አያያዝ የሚመለከተው ደንብ ቁጥር 138/1999 እና በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ይህንን በዝርዝር ለመተርጎም የወጡ ናቸው። በአገሪቱ ከሚገኙት ማረሚያ ቤቶች ውስጥ የፌዴራሎቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ ከ100 የሚበልጡት በክልሎች መዋቅር ሥር ይተዳደራሉ። በምዕራብ ጎንደር የምትታሰር ሴት ጉዳይም የሚመለከተው የክልሉን መዋቅር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስፌት አለ። የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ነው፤ መድኃኒቱ፣ ኪቱ፣ የሕክምና መመሪያውና የቫይረስ መጠን ምርመራው ደግሞ የሚመጡት በጤና ቢሮው በኩል ነው። የፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ቤት በበኩሉ ብዙውን ጊዜ የራሱ ክሊኒክ የለውም። ሦስት መሥሪያ ቤቶች አንዲትን ሴት በየተራ ሲረከቡ የሕክምና ታሪኳን የሚረከብ ላይኖር ይችላል። የማንዴላ ደንቦች በደንብ 24 እስረኞች በኅብረተሰቡ ዘንድ ካለው ጋር እኩል የሆነ የጤና አገልግሎት እንዲያገኙና የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እንዳይቋረጥ የሚጠይቁት ይህንን ስፌት በማሰብ ነው። በባንኮክ ደንቦችም ደንብ 6 በመግቢያ ላይ የሚደረገው የጤና ምርመራ የአባላዘር በሽታዎችን፣ እርግዝናንና ከእስር በፊት የደረሰ ጥቃትን እንዲያካትት፣ ደንብ 8 የሴትየዋ የሕክምና ምስጢር እንዲጠበቅ፣ ደንብ 14 ደግሞ ኤች አይ ቪን የመከላከሉ ሥራ ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን ጭምር የሚገታ እንዲሆን ያመለክታሉ።

ሥራው በውጭ እርዳታ ላይ ያለው ጥገኝነትም ሊዘነጋ አይገባም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በዚሁ ገንዘብ በኢትዮጵያ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ተደርጓል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተፈጠረው የጸጥታ ችግርና በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት በመተማ በኩል በርካታ ስደተኞች እንዲገቡ በማድረጋቸውና መንገዶች በየጊዜው በመዘጋታቸው፣ ከጎንደር ይመጣ የነበረ አቅርቦት የሚዘገይበት ሁኔታ ተፈጥሯል። የሁለትና የሦስት ወር መጠባበቂያ ክምችት መያዝ በእንዲህ ዓይነቱ ወረዳ ጥንቃቄ የጎደለው ብክነት ተደርጎ ሊታይ አይችልም።

መዛወርና መፈታት

ከማረፊያ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት በሚደረገው ዝውውር ላይ ከመዝገቡ ጋር የሚሄደው የክስ ቻርጅና የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው። ከእነዚህ ጋር የታሸገ የሕክምና ወረቀት እንዲሄድ ማድረግ የአንድ ደብዳቤ ጉዳይ ነው። ወረቀቱ የሕክምና ካርድ ቁጥርን፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ተቋም፣ የመጨረሻውን የቫይረስ መጠን ውጤትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይይዛል። አጃቢው ፖሊስ እንዲከፍተው አያስፈልግም፤ ላኪውም ተቀባዩም የጤና ባለሙያ ነው። የ30 ቀን እንክብል አብሮ ከተላከ ተቀባዩ ክሊኒክ ካርዷን እስኪያዛውር ድረስ የሚፈጠረው ክፍተት ይዘጋል።

መፈታት ግን ከመዛወር ይልቅ ያስቸግራል፤ ብዙውን ጊዜ በድንገት የሚመጣ በመሆኑ ነው። ዋስ ያገኘች ወይም በነፃ የተሰናበተች ሴት ከፍርድ ቤቱ ደጅ ልትሄድ ትችላለች። ይቅርታ ደግሞ በአብዛኛው የሚሰጠው በአዲስ ዓመትና በሌሎች በዓላት ዋዜማ ሲሆን፣ በአንድ ቀን በርካታ ታራሚዎች ይወጣሉ። የጤና ባለሙያው በዚያ ዕለት የእያንዳንዷን ካርድ አውጥቶ ለመነጋገር ጊዜ አይኖረውም። በመተማ የአዲስ ዓመት ይቅርታ ከሰሊጥ አጨዳ ጋር ይገጣጠማል፤ ከተማዋ በገንዘብና በእንግዳ በምትሞላበት፣ መጠጥ ቤቶች ቀን ከሌት በሚሠሩበት ሰሞን ምንም ገንዘብ ያልያዘችና ወደ አገሯ የምትመለስበት የመኪና ዋጋ የሌላት ሴት ከግቢው ትወጣለች። የመተላለፍ አደጋው ከፍ የሚለው ታስራ ከቆየችባቸው ወራት ይልቅ በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ስለሆነም የይቅርታ ዝርዝር ለሚመለከተው አካል ከመላኩ ጋር አንድ ቅጂ አስቀድሞ ለክሊኒኩ ቢደርስ፣ መድኃኒት የሚወስዱት ሴቶች የሦስት ወር ወይም ለአገልግሎቱ ብቁ ከሆኑ የስድስት ወር እንክብል ይዘው እንዲወጡ ማድረግ ይቻላል፤ የተረጋጋ ውጤት ላላቸው ታካሚዎች የስድስት ወር ቀጠሮ መስጠት በአገሪቱ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ኮንዶም በማረሚያ ቤት ግቢ ውስጥ ማቅረብ በኢትዮጵያ የተለመደ ባይሆንም በመውጫው ዕለት ከእንክብሉ ጋር በአንድ ከረጢት መስጠትን የሚከለክል ነገር የለም። የወሊድ መቆጣጠሪያም እንዲሁ። በወሲብ ንግድ ለመተዳደር የምትመለስና ከቫይረሱ ነፃ የሆነች ሴት ደግሞ ከግንኙነት በፊት የሚወሰደው የመከላከያ እንክብል የት እንደሚገኝ ተነግሯት ልትወጣ ይገባል።

በእስር ላይ እያለች የወለደችና ቫይረሱ በደሟ ውስጥ የሚገኝ እናት ጉዳይ ከዚህ ሁሉ በላይ ክትትል ይሻል። ምንም ዓይነት እርዳታ ካልተደረገ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ከ15 እስከ 45 ከመቶ ሲሆን፣ በተገቢው ሕክምና ከ5 ከመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሴት ሁሉ የዕድሜ ልክ ሕክምና እንድትጀምር ይደረጋል። ይህ እንዲሆን ግን እርግዝናው አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ በመግቢያ ላይ የሽንት ምርመራ ያልተደረገላት ሴት እርግዝናዋ በዓይን እስኪታይ ድረስ ወራት ያልፋሉ። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ የመከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በስድስተኛው ሳምንት በወረቀት ላይ ደርቆ የሚላክ የደም ናሙና ይወሰድለታል፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ምርመራ የሚደረገው ጡት ካቆመ በኋላ በ18 ወሩ ገደማ ነው። የናሙናው ውጤት ከላቦራቶሪ ሲመለስ እናቲቱ ተፈትታ ሊሆን ይችላል። በእስር ቤቱ ክሊኒክ መዝገብ ላይ የእናቲቱ ስም ብቻ ሠፍሮ፣ የምትሄድበት ወረዳና በዚያ የሚገኘው ጤና ጣቢያ ካልተጻፈ ውጤቱ የሚደርሰው አይኖርም። በመሆኑም የሕፃኑ የክትትል ካርድ በእናቲቱ እጅ ተሰጥቶ ቅጂው ወደ መዳረሻዋ ጤና ጣቢያ ሊላክ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በስልክ ልትነገር ይገባል።